ጳጉሜን ጨምራ የቆጠረች

ደብተሩ ከአዲስ አበባ ይዛው የሄደችው ባለ 50 ሉክ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። የደብተሩ ባለቤት ከቤሩት የተመለሰች ጎረቤቴ ናት። መስከረም እንደጠባ ቡና ጠርታኝ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ ከፍራሹ ሥር አውጥታ አሳየችኝ። «መስከረም፦ ሰጠችኝ። ጥቅምት፦ ሰጠችኝ። ኅዳር፦ ነገ አለች። ታኅሣሥ፦ ነገ አለች።» እንዲህ እያለ እስከ ነሐሴ ይወርዳል። ከነሐሴ በታች በትንንሽ ፊደል «ጳጉሜ፦ 5 ቀን» ይላል።

ሳቄ መጣ። «እዚህ አገር እንኳ የወር ደሞዝተኛ ጳጉሜን በነጻ ነው የሚሠራው» አልኳት።

«እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው ጋሼ። እኔ በእነዚያ አምስት ቀናት ስድስት ክፍል ሳጥብ ነው የከረምኩት።»

ደሞዝ ሳታይ አሥር ወር ሠርታ ከአሠሪዋ ከማዳም ቤት ወጣች። ሊባኖስ ውስጥ ግን የቤት ሠራተኛ እንዲሁ ከቤት አትወጣም። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከፋላ የሚሉት ይህንኑ ነው። ፓስፖርቷ በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። ማዳም «ጠፍታለች» ብላ አመለከተች። አሥር ወር ያልከፈለችው ሴትዮ ሕጋዊ እንደሆነች ኖረች፤ ያልተከፈላት ልጅ ሕገወጥ ሆነች።

ከዚያ በኋላ በቤሩት ዳርቻ ዶራ አካባቢ ከአገሯ ልጆች ጋር ክፍል ተጋርታ፣ «ፍሪላንስ» እንደሚሉት በሰዓት ቤት ማጽዳት ያዘች። አንዱ ቤት ይከፍላል፣ አንዱ ያጎድላል። ገንዘቤ ጎድሏል ያለች ቀን የሚሰጣት መልስ ሁለት ቃል ነበር፦ «ፖሊስ ልጥራ?»

እኔን ያንገበገበኝ ይህ ጥያቄ ነው። ማን አገሬ ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን መንግሥት ይወስን፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። የታጠበው ወለል ግን ታጥቧል። ዋጋው ዕዳ ነው፤ ባለዕዳው ደግሞ የአበዳሪውን የመኖሪያ ወረቀት እያየ የሚከፍል ወይም የሚክድ ከሆነ ሕጉ የሚጠብቀው ድንበሩን አይደለም። ወረቀት የሌላትን ሠራተኛ ከሁሉ የረከሰች ያደርጋታል። የረከሰ ነገር ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ወረቀት ያላት ጓደኛዋም ደሞዟ አብሮ ይወርድባታል።

ይህን ስል የማይሆን ሕልም እያወራሁ አይደለም። ስደተኛ በማባረር የምትታወቀው አሜሪካ እንኳ በ1938 ዓ.ም. (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ያወጣችው የደሞዝ ሕግ ወረቀት ለሌለውም ሠራተኛ ይሠራል፤ ለተሠራ ሥራ ቢያንስ ዝቅተኛው ደሞዝ ይከፈላል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የ1946ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ውሳኔ ነው። ጉዳዩ የአንድ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኞች ክርክር ነበር። አሠሪው የሥራ ሰዓት መዝግቦ ካልያዘ፣ ሠራተኛው በተመጣጣኝ ግምት ካስረዳ በቂ ነው፣ ማፍረሱ የአሠሪው ሸክም ይሆናል አለ ፍርድ ቤቱ። ባለ 50 ሉኩ ደብተር ዳኛ ፊት ይቀርብ ነበር ማለት ነው!

አሜሪካንም ግን አላቆንጅም። በ2002 ያው ፍርድ ቤት አምስት ለአራት ተከፍሎ፣ ማኅበር ለማደራጀት ስለሞከረ ከሥራ የተባረረ ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ላልሠራበት ጊዜ ደሞዝ አይገባውም ብሏል። መብቱ በሕግ ቢጻፍም ልክሰስ ብሎ የሚነሳው ሰው «ስከስ ብያዝስ?» ይላል።

ሊባኖስ የሥራ ሕጓን ያወጣችው በዚያው በ1946 ነበር። አንቀጽ 7 በሰው ቤት የሚያገለግሉትን ከሕጉ ውጭ አደረጋቸው፤ እዚያው ቀሩ። በ2020 የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያቱን ከነሻንጣቸው ቤሩት አጠገብ ሃዝሚዬ ባለው ቆንስላችን ደጅ እያወረዱ ሄዱ፤ ሴቶቹ አስፋልት ላይ አደሩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የሊባኖስ የሠራተኛ ሚኒስቴር ሥራ መልቀቅ የሚፈቅድ፣ ፓስፖርት መያዝን የሚከለክል አዲስ የቤት ሠራተኛ ውል አወጣ። የሠራተኛ አስመጪ ኤጀንሲዎች ማኅበር አቤት አለ፤ በወሩ የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ አገደው።

እዚህ ላይ ዓረቦቹን ረግሜ ብጨርስ ይቀለኝ ነበር። ግን የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ትርፍ የማይገኝበትን የግል አገልግሎት ከወሰኑ አውጥቶታል። የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። በየቤታችን ያለችው ልጅ ከአገሯ ሳትወጣ ከሕጉ ውጭ ናት።

ከቡናው ስመለስ ቤታችን የምትሠራውን ልጅ ደሞዝ የቀረባት እንዳለ ጠየቅኳት። ደነገጠች። «እትዬ የነሐሴን ግማሽ ሰጥተውኛል፤ ግማሹ ይቀራል» አለች። ባለቤቴ ሙሉውን የሰጠች መስሏታል። ሁለታችንም የጻፍነው ነገር የለም። የፋብሪካው ፍርድ ትዝ አለኝና ግማሹን ከፈልን።

ስለ ጳጉሜ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።