«በየስድስት ወሩ ረግጠሽ ተመለሺ»

አክስቴ አሜሪካ የገባችው በዲቪ ነው። አምና አያቴ አልጋ ላይ ስትውል «ሁለት ወር ቆይቼ እመለሳለሁ» ብላ ሥራዋን ትታ መጣች። ይኸው አስራ አንደኛ ወሯን ይዛለች። እኔ ደግሞ ተመርቄ ሥራ ካጣሁ ሁለት ዓመት ስለሞላኝ የቤታችን ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኛለሁ፤ ወረፋ ያለበት ቦታ ሁሉ የምላከው እኔ ነኝ። የአክስቴን ወረቀት ማንበብም የኔ ሥራ ሆነ። ያነበብኩትን ላካፍላችሁ ወገን፤ ሰፈር ውስጥ የሚወራውና ሕጉ የሚለው አራምባና ቆቦ ነውና።

ሰፈር የሚለው «በየስድስት ወሩ ረግጠሽ ተመለሺ፣ ማንም አይነካሽም» ነው። ደላላውም፣ ቲክቶከሩም ይህንኑ ይደግማል። ውሸት ነው! ግሪን ካርድ የሚሰጠው እዚያ ለሚኖር ሰው ነው። በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ ከቆየህ ስትመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረምሩህ ይችላሉ። ዓመት ካለፈህማ ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ገና ብዙ ቢቀረውም ብቻውን ለመግቢያ አያገለግልም። ከስድስት ወር በታች ቢሆንም ኑሮህ እዚህ፣ ጉብኝትህ እዚያ ከሆነ «መኖሪያህን ትተሃል» ሊሉህ ይችላሉ። ቤትህ የት ነው? ሥራህስ? ግብር ታሳውቃለህ ወይ? ይሉሃል። «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ የግብር ቅጽ የሞላ ሰውማ በገዛ እጁ ፈርዷል።

በጣም ያናደደኝ ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት የሚባለው ነው። እስከ ሁለት ዓመት ውጭ ለመቆየት የሚያግዝ ወረቀት አለ እኮ! ቅጹ አይ-131 ይባላል። ግን ማመልከቻው የሚገባው አሜሪካ ምድር ላይ ሆነህ ነው፤ አዲስ አበባ ከመጣህ በኋላ ወፍ የለም። አክስቴ ይህን የሰማችው ከእኔ፣ በዘጠነኛው ወር ነው። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ስትኖር አንድ ሰው አልነገራትም። ለቅሶና ሠርግ ላይ ግን ስንት ሐበሻ ይሰበሰባል!

ዓመቱ ካለፈ ኤምባሲ ሄዶ ኤስቢ-1 የሚባል የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ መጠየቅ ይቻላል። ስትወጣ ለመመለስ አስበህ እንደነበርና የቆየኸው ከአቅምህ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለብህ፤ ቀላል አይደለም። ኤርፖርት ላይ ቢያጣብቁህ ደግሞ አይ-407 ላይ ዝም ብለህ አትፈርም። «ካርዴን በፈቃዴ መልሻለሁ» ማለት ነው። የመፈረም ግዴታ የለብህም፤ ኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የመከራከር መብት አለህ።

«ታዲያ ለምን ዜግነት አልወሰድሽም?» አልኳት። «ፓስፖርቴን ልመልስ?» አለችኝ። የኛ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። የሌላ አገር ዜግነት ከወሰድክ የሚቀርህ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ግን አትመርጥም፣ አትመረጥም። እሷ እዚህም ላለመቆረጥ ስትል እዚያ ግማሽ ሆና ቀረች።

ኮሜንት ላይ «አገሩን የሚወድ ካርዱን ቀዶ ይምጣ» የምትሉ ልጆች፣ ቀስ በሉ። እኔ ዲቪ ሦስት ጊዜ ሞልቻለሁ፣ አልዋሽም። እናንተም ሞልታችኋል። የአያቴን መድኃኒትና የቤታችንን ኪራይ እስከ ዛሬ የከፈለው አክስቴ እዚያ ያጠራቀመችው ብር ነው። እሱም እያለቀ ነው። ካርዱ ከሄደ ማን ሊከፍል ነው፣ እኔ በዲግሪዬ?

እዚህ ሆቴል ከፍቶ፣ ልጅ ድሮ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ባዶ ሻንጣ ይዞ የሚመላለሰው ግን ሌላ ነው። እሱ ራሱን እያታለለ ነው፤ ኑሮው ከወሰነ ቆይቷል።

የአክስቴ ትኬት ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተቆርጧል። አያቴ ገና አልተነገራትም።