ፈሰስህ የት ላይ ያበቃል?

የጎጃም ገበሬ አርሶ፣ ደጋግሞ አለስልሶ፣ ዘሩን ዘርቶ ሲጨርስ አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ ፈሰስ ያወጣል። በሬዎቹን ጠምዶ፣ ማረሻውን ጠለቅ አድርጎ፣ ማሳውን ከራስጌ ወደ ግርጌ ዘመም እያደረገ ይሰነጥቀዋል። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ውኃው ማሳው ላይ ተኝቶ ዘሩን እንዳያበሰብስበት፣ ጠራርጎም እንዳይወስድበት፣ በቦዩ ሾልኮ እንዲወጣለት ነው። የቆየ ብልሃት ነው፤ በዚያ ዝናብ ያለ እሱ ጤፍም ገብስም በወጉ አይደርስም። ጣጣው የሚመጣው ማሳው ካለቀበት ወዲያ ነው። ከአንዱ ማሳ የወጣው ፈሰስ ከጎረቤት ፈሰስ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱ የእግር መንገዱን ይዘው ይወርዳሉ፤ ከወል ግጦሹ ሲደርሱ መሬቱን መቦርቦር ይጀምራሉ፤ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ከብት የማይሻገረው ቦረቦር ይሆናል። ገበሬውን የፈሰስህ ራስ የት ነው ብትሉት ዓይኑን ጨፍኖ ያሳያችኋል። ጫፉ የት እንደሆነ የሚጠይቀው ግን የለም።

እኔ ልጠይቅ የተነሣሁት ስለ ጫፉ ነው። የምጠይቀውም በደብረ ማርቆስ፣ በብቸና፣ በሞጣ፣ በደጀን፣ በደምበጫና በቡሬ ያደጋችሁትን፣ ዛሬ ሃያውንና ሠላሳውን ዓመት የያዛችሁትን ነው፤ ማረሻ የጨበጣችሁትንም፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁትንም፣ አዲስ አበባ የምትሠሩትንም፣ ባሕር የተሻገራችሁትንም።

መጀመሪያ መሬቱን እንየው። የጎጃምን አምባ ያነጠፈው ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቀልጦ የፈሰሰ ነው፤ ጮቄ ደግሞ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ያህል ቆይቶ በዚያው ላይ የተቆለለ እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። እዚያ ያለው ጅብራና አስታ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ዝቅ ሲሉ ስናንና ቢቡኝ ናቸው፤ ገብስ፣ ድንች፣ እንግዶ። ደብረ ማርቆስ፣ ያ ቀድሞ መንቆረር ሲባል የኖረው ከተማ፣ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያው ስንዴና ጤፍ ነው፣ አፈሩም ቀይ። ወደ ብቸና ሲዞሩ ዋልካው ይመጣል፤ ጤፍ የሚወደው፣ በክረምት እግር የሚውጠው፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ጥቁር አፈር። ደጀን አፋፍ ላይ ግን መሬቱ ድንገት ይቆረጣል። መኪናው ጠመዝማዛውን ይዞ ሲወርድ ጥቁሩ ድንጋይ ያልቅና የኖራ ድንጋዩ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጀሶው፣ ከሥሩም የአሸዋ ድንጋዩ፤ ሙቀቱ በየመታጠፊያው ይጨምራል። የዓባይ ድልድይ ዘንድ ሲደርሱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ማሽላውም፣ ግራሩም፣ ወባውም እዚያ ነው። ተማሪ ሳለን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልን በኢትዮጵያ ካርታ ላይ በቀለም ስንከፋፍለው የኖርነው ሁሉ እዚህ በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል። በላይ ስማኔና ባልደረቦቻቸው የጮቄን ዙሪያ አጥንተው በስድስት የግብርና ሥነ ምህዳር ከፍለውታል፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጀደብ፣ ተምጫ፤ ሁሉም ከጮቄ ይነሣሉ፣ ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ዓባይ ራሱ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከቦ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ፣ እዚህ የሚጥል ዝናብ ወዴትም ቢፈስ ከእሱ አያመልጥም። የጂኦግራፊው ምሁር ወልደአምላክ በውቀት ደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈውን ጨሞጋን አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 የተመዘገበው ፍሰት ሲታይ የወንዙ ውኃ እየቀነሰ መጥቷል፤ በተለይ በበጋ። ተዳፋቱ ተራቁቷል፣ ውኃው ወደ መሬት አይሰርግም፣ ባሕር ዛፉ በዝቷል፣ ቀጂው በርክቷል። በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ጠጠር የሆነ ወንዝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ዓይናችሁን ከጎጃም አውጥታችሁ አገሩን በፈሰስ እዩት። የክልል መስመር ሌላ፣ የውኃ መንገድ ሌላ ነው። ከአርሲና ከባሌ ተራሮች የሚወርደው ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ሆኖ የሶማሌን አርብቶ አደር ያጠጣል። ከሸዋ ደጋ የሚነሣው አዋሽ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ይወርድና አፋር ምድር ጫፍ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ባሕር የሚባል ነገር ሳያይ። ጊቤ ኦሞ ይሆንና ቱርካና ይገባል። ባሮ የኢሉባቦርን ዝናብ ተሸክሞ ጋምቤላን ያቋርጣል። ተከዜ ከላስታ ተነሥቶ የስሜንን ግርጌ እየቦረቦረ ሱዳን ይዘልቃል። ከራስ ዳሸን እስከ ዳሎል፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከሆነው አናት ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር እስከሚያልፈው ጎድጓዳ ድረስ፣ ይህች አገር ተዳፋት ናት። ብዝኃነታችንን ስንዘረዝር ቋንቋ እንቆጥራለን፣ ሃይማኖት እንቆጥራለን፤ ማን ከማን በላይ፣ ማን ከማን በታች እንደሰፈረ ግን አንቆጥርም። ጎርፉም ደለሉም ጥማቱም የሚሄደው በዚያ ነው። አፋር ውስጥ አዋሽ ሞልቶ ሰው ሲያፈናቅል ዝናቡ የጣለው ብዙ ጊዜ ሩቅ ደጋ ላይ ነው።

የእኛ ፈሰስ ጫፍ ደግሞ ጉባ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ነው። ከደመወዙ ያስቆረጠ፣ በግ ሸጦ ቦንድ የገዛ ሰው በየቤታችን አለ። እንግዲህ አስቡት፤ ቦንድ የገዛው ገበሬ ማሳ ላይ የተጠረገው አፈር ግድቡ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። አንዱ እጃችን ሰጥቶ ሌላው እየነሣ ነው።

አያቶቻችሁ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሊጣልብን፣ መሬታችን ሊለካብን ነው ብለው ሞጣም ብቸናም ተነሥተው ከመንግሥት ጋር ተዋግተዋል። ስለ መሬት ቀልድ የማያውቅ ሕዝብ ነው። ያው መሬት በየክረምቱ ደፍርሶ ሲሄድ ግን እሪ ያለ የለም፤ ጎርፍ ቀላድ ይዞ አይመጣማ።

ስለ መሬት ካነሣን ዘንድ የእናንተን ትውልድ የሚያመውን እንናገር። በክልላችን የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሕፃን የነበረና ከዚያ ወዲህ የተወለደ ከድልድል የደረሰው ነገር የለም፤ ተስፋው የአባቱን ማሳ ከወንድም ከእኅቱ ጋር መቆራረስ ነው። ሦስት ቦታ የተከፈለ አንድ ጥማድ ማንንም አያኖርም። ስለዚህ ማረሻው ወደ ላይ ይወጣል። አስታው ይመነጠራል፣ ለዘመናት ግጦሽ የነበረው ይታረሳል፣ ጥቂት ዓመት ገብስ ይሰጥና ድንጋዩ ይወጣል። እዚያ በሚያርሰው ወጣት ላይ ጣቱን የሚቀስር ከተሜ ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል፤ ጦሙን የሚያድርን ሰው ስለ ጅብራ ውበት ማስተማር ነውር ነው። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ከእሱ በታች ላለነው ነው፤ እሱ ማረሻውን እንዲመልስ እኛ ምን እንሰጠዋለን?

ይቻላል ወይ ለሚል ሰው የማሳየው አንጀኒን ነው። ደምበጫ አካባቢ ያለች 113 ሄክታር ገደማ የሆነች ተፋሰስ ናት። በ1976 ዓ.ም. የበርን ዩኒቨርሲቲ የተባበረበት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተባት፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ፋንያ ጁ የሚባለው፣ ከቦይ የወጣው አፈር ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን ተሠራባት። ከዓመት ዓመት አፈሩ ከእርከኑ ጀርባ እየተጠራቀመ ተዳፋቱ ደረጃ እየሆነ ሄደ። አንጀኒን ከሌላው የለያት ተፋሰሷ ሳይቆራረጥ መሠራቱ ነው። መሐል ላይ አንድ ሰው እኔ የለሁበትም ቢል የላይኛው ውኃ በእሱ ማሳ ሰብሮ የታችኛውን ሁሉ ይደረምሰዋል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት በዘመቻ የምንሠራው እርከን ብዙ ጊዜ የሚፈርሰውም በዚህ ነው፤ ለሪፖርት በኪሎ ሜትር ይለካል፣ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚመለከተው የለም፤ ከአጨዳ በኋላ ደግሞ ከብቱ ይለቀቅበትና በአንድ ወር ይናዳል።

ልቅ ግጦሽን ማስቆም ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቡ። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ በብዛት የቀረው እዚያ ነው። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የሚያውቃቸው ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የቤተ ክርስቲያን ደን ተመራማሪ ናቸው፤ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ላውማን ጋር በመሆን በየደብሩ ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው። ማሳው ይጸዳል፣ ከብቱ አይገባም፣ ችግኙ ከሥር ብቅ ይላል። እንዲህ ያለውን ሥራ አደንቃለሁ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አይጠይቅም።

የስናንና የቢቡኝ ልጆች፣ ከአስታው በላይ ማረሻ አታውጡ፤ የወጣውንም ከዓመት ዓመት ዝቅ አድርጉት። የባሶ ሊበን፣ የአዋበል፣ የደጀን ልጆች ደግሞ ይህን በነጻ አትጠብቁባቸው። የዘር ድንች ስትፈልጉ ከእነሱ ግዙ፣ ማራቸውን ግዙ፤ ሣር አጭደው አስረው እንዲያደልቡ ለሙክታቸው ገበያ ሁኑ። ገጠር ያላችሁ፣ የእርከኑን ጉዳይ ለግብርና ባለሙያው ብቻ አትተዉት፤ ከላይና ከታች ካለው ባለማሳ ጋር ተነጋግራችሁ ወንፈል ግቡ፣ ፈሰሳችሁ በሣር በተሸፈነ አንድ መውረጃ እንዲገናኝ አድርጉ። በውይይቱ ሴቶቹ ይቀመጡ፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ ስማቸው አለ፣ ምንጩ ሲደርቅም እንስራ አዝለው ሩቅ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን አንድ አንድ ጅረት ከራሱ እስከ ጫፉ በመከተል ሥሩት፤ ሲጠናቀቅም ግልባጩ ወደ ቀበሌው ይመለስ።

ሰላም ሳይኖር ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል የሚል አለ። እውነት ነው፤ ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ነው፣ ሰው መሰብሰብ የሚያስፈራበት ቀበሌ አለ። አምስት ጎረቤት ሆኖ አንድ መውረጃ ለመሥራት ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ክረምቱ እንደሆነ ጦርነት ነው ብሎ አይቀርም።

አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያላችሁትን ለመጨረሻ ያቆየሁት ወጪ ስላለው ነው። ለትውልድ ደብራችሁ ጉልላት፣ ለቆርቆሮ፣ ለደወል ስታዋጡ አውቃችኋለሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ። አሁን አንድ ሌላ መዋጮ ጨምሩ። የማቻከል፣ የጎዛምንና የስናን መሬት በአሲድ ታሟል፤ ማዳበሪያ ቢደፋበትም ስንዴው አይቀበለውም። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ያም ድንጋይ ከደጀን በታች በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ከላይ አፈርና ውኃ ይወርዳል፣ ከታች ኖራ ይወጣል፤ ዕዳው የሚከፈለው እንዲህ ነው። አስቸጋሪው ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል መፈለጉና ማጓጓዣው መወደዱ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን አይችለውም፤ አንድ የተወላጆች ማኅበር ግን የአንድ ጎጥ የጭነት ዋጋ ይችላል። ኖራው ከዘር በፊት ከአፈሩ ጋር መታረስ ስላለበት በግንቦት መኪናው ስናን ሮብ ገበያ መድረስ አለበት። ጭነቱን የሚቀበሉት የላይኛው ጎጥ ሰዎች በዚያው ዓመት ከአስታው በላይ ላለማረስ በሽማግሌ ፊት ይፈርሙ፤ የታችኞቹም ምስክር ሆነው ይገኙ። ገንዘብ ያዡን ዛሬ ምረጡ።