የኮርቻ ቁስልና ሐያእ



በሰፈራችን 18 ማዞሪያ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በብስክሌት ረጅም መንገድ የሚወጡ ወጣቶች አሉ፤ መልካም ልማድ ነው። መቀመጫቸው ሲቆስል ግን በሐያእ ደብቀው ይቆዩና መድኃኒት ቤት መጥተው በሹክሹክታ «ቤታሜታዞን ስጪኝ» ይላሉ። ይህ ቅባት ማሳከኩን ለጊዜው ቢያስታግስም ቆዳን ያሳሳል፤ ፈንገስ ካለም ያባብሳል።

ቁስሉን የሚያመጡት ፍትጊያ፣ ጫናና ላብ ናቸው። ስለዚህ የኮርቻውን ከፍታ አስተካክሉ፤ ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ያለ ፓንት ልበሱ፣ ዐውራችሁንም በላዩ በሌላ ሱሪ ሸፍኑ፤ ቫዝሊን ተቀቡ፤ በየ10 ደቂቃው ከኮርቻው ብድግ በሉ። ስትመለሱ ወዲያው ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ከቆሰለ እስኪድን ዕረፉ፤ መግል ወይም ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሐያእ ከኢማን ነው፤ ሕመምን መደበቅ ግን ሐያእ አይደለም። ወላጆችም ልጆቻችሁን ሳትቆጡ ጠይቁ። ወላሁ አዕለም።