የካዝሎን እግሮችና የእኛ ፊደል

አንድ ገጽ ገና መነበብ ሳይጀምር «ሞቅ ያለ» ወይም «ቀዝቃዛ» መስሎ የሚታየን ለምንድን ነው? በላቲን ፊደል ረገድ ይህ ጥያቄ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰኝ ካዝሎን የተባለው የፊደል ቅርጽ ነው።

ቅርጹን ያወጣው ዊልያም ካዝሎን (1692–1766 እ.ኤ.አ.) የለንደን ሰው ሲሆን፣ የቀደመ ሙያው በጠመንጃ ብረት ላይ ጌጥ መቅረጽ ነበር። በ1776 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በእርሱ ፊደል ነው። ሆሄያቱ አንድ በአንድ ሲመረመሩ እንከን አያጡም፤ የትልቁ «ኤ» አናት እንኳ በቢላ የተቦረቦረ ይመስላል። መስመሩ ሲሞላ ግን ያ ትንሽ መዛነፍ እንደ ሸማ ድርና ማግ ለገጹ ልስላሴ ይሰጠዋል። ጭረቱ ቀስ በቀስ ይወፍራል፣ ቀስ በቀስም ይቀጥናል፤ ሰሪፍ የሚባሉት የጫፍ እግሮችም ከግንዱ ጋር የሚጋጠሙት በለሰለሰ ጉብጠት ነው። ለረጅም ትረካና ለታሪክ መጽሐፍ እመርጠዋለሁ። ጥራቱ ዝቅተኛ በሆነ ፕሮጀክተር ለሚታይ ጽሑፍ ግን አልመርጠውም፤ ቀጫጭኖቹ ጭረቶች ይጠፋሉና።

«ሰሪፍ ያለው ፊደል ንባብን ያፈጥናል» የሚለው የተለመደ አባባል በጥናት ወጥ ማረጋገጫ አላገኘም። የፊደሉ መጠን፣ የመስመሮች ርቀትና የአንባቢው ልምድ ቢያንስ የዚያኑ ያህል ይመዝናሉ። ስለዚህ ካዝሎንን የምወደው በስሜት ነው እንጂ በሳይንስ ስም አይደለም።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ለግዕዝ ፊደል ሙቀት ለመስጠት ሲባል በየሆሄው ግርጌ የላቲን ዓይነት እግር መቀጠል ያጓጓል። እኔ ይህን አልደግፍም። በላቲን ፊደል ሰሪፍ ድምፅ የለውም፤ ቢቀር ቃሉ አይለወጥም። በእኛ ፊደል ግን በቀኝ እግር ግርጌ ያለች አጭር ጭረት አናባቢ ናት፤ «በል»ን «ቢል» የምታደርገው እርሷ ናት። ግእዙ «በ» የጌጥ እግር ሲቀጠልለት ሣልሱን «ቢ» መምሰል ይጀምራል። በርዕስ ላይ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። በደቃቅ ፊደል በተባዛ የትምህርት ማስታወሻ ላይ ግን ተማሪው ቃሉን በግምት ወደ ማንበብ ይገፋል።

ደግሞስ ሙቀትን ከውጭ መዋስ ለምን አስፈለገ? ጸሐፊዎቻችን በመቃ ብዕር በብራና ላይ ሲጽፉ ቋሚው ጭረት ይወፍራል፣ አግዳሚው ይቀጥናል። የካዝሎን ልስላሴም ምንጩ ሰፊ አፍ ያለው ብዕር ነው፤ ዝምድናው እዚህ ላይ እንጂ በእግሩ ላይ አይደለም።

አዲስ የፊደል ቅርጽ በኮምፒውተር ለመሥራት የምትነሡ ተማሪዎች፣ «በላ» እና «ቢላ»ን በ8 ነጥብ መጠን አትማችሁ፣ ፎቶኮፒውን መልሳችሁ ፎቶኮፒ አድርጉና ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አስነብቡት።