አደራ በፍል ተራራ ላይ

በሰው አገር የሚኖር ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ «አደራ» የምትባለውን ቃል ክብደት ያውቃል። ታላቅ እኅቴ ልጅዋን ለመጠየቅ ወደ አይስላንድ እንደምሄድ በሰማች ጊዜ፥ «አደራህን፥ ልጄን ከዐይንህ አታርቀው» ብላ ሸኘችኝ። እኔም በሽበቴ ተማምኜ፥ «ይህስ ምን ይከብዳል» ብዬ መለስሁላት። የሰጠሁት ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ የተረዳሁት በአንድ ቀን የተራራ ጕዞ ነው።

የእኅቴ ልጅ በሬይክያቪክ ከተማ የሚማረው፥ ከምድር ውስጥ የሚወጣውን እንፋሎት ለኤሌክትሪክ ኀይል ስለ ማዋል ነው። ለዚህ ትምህርት ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብዙ አገሮች፥ ከኢትዮጵያም ጭምር፥ ባለሙያዎች ወደዚያ ይሄዳሉ። ያች ደሴትና አገራችን እጅግ ቢራራቁም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም የሁለቱም ምድር ተሰንጥቆ ቀስ በቀስ የሚላቀቅ መሆኑ ነው። የእኛን ስምጥ ሸለቆ ያስገኘው ይህ ነው፤ የእነርሱንም ደሴት በየዓመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚያላቅቃት ይኸው ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አጠገብ እንደ ተቈረቈረች ሁሉ፥ የሬይክያቪክም ሴቶች ልብሳቸውን በፍል ውሃ ያጥቡ ነበር። በ1930 እ.ኤ.አ. ያው ውሃ በቧንቧ ተስቦ ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤቶችን ማሞቅ ጀመረ።

በሐምሌ ወር፥ ለእኛ ክረምት ለእነርሱ በጋ በሆነበት ጊዜ፥ በደሴቲቱ መካከል ወዳሉት ኬርሊንጋርፍዮል ወደሚባሉት ተራሮች ሄድን። ትርጓሜው «የአሮጊቲቱ ተራሮች» ማለት ነው፤ በዚያ የቆመውን ጥቍር የድንጋይ ዐምድ፥ የፀሓይ ብርሃን ደርሶባት ድንጋይ ሆና የቀረች አሮጊት ናት ብለው በተረት ይናገራሉ። ስፍራው በሁለት ታላላቅ ግግር በረዶዎች መካከል ያለ ምድረ በዳ ነው።

ከእንግዳ ማረፊያው በማለዳ የተነሣን ስምንት ሰዎች ስንሆን፥ መሪያችን ዕድሜዋ ከሃያ አምስት የማያልፍ አንዲት ልጃገረድ ነበረች። ጫማችንን አንድ በአንድ ከተመለከተች በኋላ ሦስት ትእዛዝ ሰጠችን፤ ተከታትላችሁ ሂዱ፥ እኔ ያልረገጥሁትን አትርገጡ፥ ተመለሱ ስላችሁ ተመለሱ። እኔ በልቤ፥ «ይህች ሕፃን ናት የምትመራኝ?» አልሁ።

ወደ ፍል ሸለቆዎቹ ስንወርድ ምድሩ ቀይ፥ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ፥ ከየስንጥቁ እንፋሎት ሲወጣ አየን። የተበላሸ ዕንቍላል የሚመስለው የድኝ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። የእኅቴ ልጅ እንደ ገለጠልኝ፥ ዝናብና የቀለጠ በረዶ ወደ ምድር ሰርጎ ከጋለ ዐለት ሲደርስ ይፈላና እንፋሎት ሆኖ ይመለሳል፤ አብሮት የሚወጣው አሲድ ደግሞ ድንጋዩን አብስብሶ ጭቃ ያደርገዋል። ቀዩ ቀለም ከብረት ዝገት፥ ቢጫው ከድኝ የመጣ ነው።

ልጁ ይህን ያህል ዐዋቂ ሲሆን፥ የሚንተከተከውን ጭቃ በቅርብ ለማየት ብሎ ከመንገዱ ወጣ። እኔ በዚያች ሰዓት ፎቶግራፍ አነሣ ነበር። መሪያችን ጮኸች፤ ሁለተኛ እርምጃውን ሳያሳርፍ የትከሻ ቦርሳውን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው። ከዚያም አንድ ቃል ሳትናገር፥ እግሩ ሊያርፍበት በነበረው ነጭ ደረቅ አፈር ላይ በትሯን ተከለች። በትሩ ያለ ችግር እስከ ክንድ ድረስ ገባ፤ ስታወጣውም ከቀዳዳው እንፋሎት እያፏጨ ወጣ። ደረቅ የመሰለው መሬት ከታቹ የፈላ ጭቃ ኖሯል። ልጁ ዐመድ መሰለ፤ እኔም የእኅቴ ድምፅ በጆሮዬ አቃጨለ።

ከቀትር በኋላ ከ1,400 ሜትር በላይ ወደሚሆነው ጫፍ ስንወጣ፥ ጕም ወርዶ ተራራውን ሸፈነው። ልጅቱም «ተመለሱ» አለች። የአንድ ሰዓት መንገድ ብቻ ቀርቶን ነበርና እኔ ተቈጣሁ፤ «ከኢትዮጵያ ድረስ የመጣሁ ሽማግሌ ነኝ፤ ዳግመኛ አልመጣም» አልኋት። እርስዋም በትሕትና፥ «እኔ አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ጕም ወጥቻለሁ፤ ከላይ ሆኜ ያየሁት የገዛ እጄን ብቻ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ይህን ጊዜ የእኅቴ ልጅ ክንዴን ይዞ፥ «ጋሼ፥ እንመለስ፤ እኔ ዛሬ ተምሬያለሁ» አለኝ። በዚያች ቃል አፈርሁና ተመለስሁ።

ወገኖቼ፤ እኛ ታናሹ ታላቁን ይከተል ብለን ያደግን ነን፤ ይህም መልካም ሥርዐት ነው። ነገር ግን መንገዱን የሚያውቀው ታናሹ በሆነ ጊዜ ሽበት እርሱን ቢከተል ክብሩ አይቀነስበትም። መሪ የሚከበረው በዕድሜው ብቻ ሳይሆን መሬቱን በማወቁ ነው፤ ይልቁንም ዕውቀቱ የሚፈተነው «እንሂድ» ሲል ሳይሆን «እንመለስ» ሲል ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ እኅቴ፥ «አደራዬን ጠበቅህልኝን?» አለችኝ። ለመዋሸት አልደፈርሁም። «የጠበቀችልሽ የሰው ልጅ ናት» ብዬ ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና፥ «ለመሆኑ እናት አላትን?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላት፤ ስለ እናትዋ ስታወራ ሰምቻለሁ» አልኋት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደዚያ በሚሄድ መንገደኛ እጅ ሁለት ነጠላ ላከች፤ አንዱ ለልጅቱ፥ ሁለተኛው ለእናትዋ።