ኮምፒዩተርን በውሃ ስለ ማቀዝቀዝ ለነጋዴዎች የቀረበ ምክር

የነጋዴ ሀብቱ በመደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ የሚሸጠውንና የሚገዛውን፣ ዱቤውንና ዕዳውን የሚያሳየው መዝገብም ሀብቱ ነው። ይህ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ በሄደበት በአሁኑ ጊዜ መሣሪያውን ከሙቀት መጠበቅ ሀብትን መጠበቅ ሆኗል። ስለዚህ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒዩተር መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ያስፈልገዋል። መልሱም፦ ለአብዛኛው ሱቅ አያስፈልግም፤ ለሚያስፈልገውም ቢሆን መለዋወጫው አብሮ ካልመጣ ኪሳራ ነው የሚል ነው።

ነገሩን ለመረዳት አሊዩ አምባን ማሰብ ይጠቅማል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከታጁራና ከሐረር የሚነሡ ቅፍለቶች በረሃውን አቋርጠው በአንኮበር ግርጌ ባለችው በዚህች የገበያ ከተማ ሸቀጣቸውን ያራግፉ ነበር። ቅፍለት ሸቀጥ ያጓጉዛል እንጂ ሸቀጥ አያጠፋም፤ የሚረከበው ገበያ ካላገኘ ጭነቱን እንደ ያዘ ይቆማል። ውሃውም እንዲሁ ነው። በፓምፕ እየተገፋ በፕሮሰሰሩ ላይ ከተገጠመው የመዳብ ሰሌዳ ሙቀት ይጭናል፤ በቱቦ ሄዶ በራዲያተሩ ውስጥ ያልፋል፤ ማራገቢያውም ሙቀቱን ተቀብሎ ለክፍሉ አየር ያስረክባል። ከዚህም የተነሣ ውሃው መሣሪያውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። የአንኮበርን ዳገት በጭነት መኪና የወጣ ሾፌር ነፋስ ያላገኘ ራዲያተር እንደሚፈላ ያውቃል፤ በቆላ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ የሚቀመጥ ኮምፒዩተርም ዕጣው ይኸው ነው። ደጋውን የወሰድን እንደሆነ፣ በደብረ ብርሃን አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ነገር ግን ብርዱ ጉድለቱን ስለሚያካክሰው ለውሃ ገንዘብ ማውጣት አያሻም።

ስለሆነም ባለሱቁ አስቀድሞ ወጪ የማይጠይቀውን ሥራ ይሥራ። ኮምፒዩተሩን በዳንቴል መሸፈን፣ ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ፣ በዱቄትና በበርበሬ ከረጢት አጠገብ ማስቀመጥ ይቅር። መብራቱን አጥፍቶ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማውጣት ይገባዋል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቆ ከሆነ አሮጌው ተጠርጎ በምስር ፍሬ መጠን አዲስ ይደረግበት።

ከዚህ ሌላ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም ቀኑን ሙሉ የኅትመት ንድፍ የሚሠራ ድርጅት ውሃ ቢያስፈልገው ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣውን ይምረጥ። ራዲያተሩ ብዙ ጊዜ 120፣ 240 ወይም 360 ሚሊሜትር ስለሚሆን ከመግዛቱ በፊት የኮምፒዩተሩን ሳጥን ይለካ። ሲገጠምም የራዲያተሩ ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አለዚያ አየር በፓምፑ ውስጥ ተጠራቅሞ ያበላሸዋል። በገዛ እጁ ውሃ ሞልቶ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው የምንጭም ሆነ የቧንቧ ውሃ አይጠቀም፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ማዕድን ቀጭኑን መተላለፊያ ይዘጋዋልና። የተጣራና ዝገት መከላከያ ያለበት ፈሳሽ ይሁን። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ አይደባለቁ። በመጨረሻም ከሥሩ ወረቀት ተነጥፎ ለፓምፑ ብቻ ኤሌክትሪክ እየተሰጠ 24 ሰዓት ይፈተን፤ ወረቀቱ ጠብታ ካሳየ ኮምፒዩተሩ አይከፈት።

ይህ ጥንቃቄ በከንቱ አይደለም። አፕል የተባለው ታላቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ፓወር ማክ ጂ5 የተባለውን ኮምፒዩተር በፈሳሽ እያቀዘቀዘ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ከተሸጡት አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ ፈሳሹ አፈትልኮ የውስጥ ዕቃቸው ተበላሽቷል። ባለ ብዙ መሐንዲሱን ያገኘው ጉዳት ጠጋኝ በሌለበት የገጠር ከተማ ያለውን ነጋዴ ቢያገኘው የከፋ ይሆናል።

እንግዲህ ዋናው ኃላፊነት በአስመጪው ላይ ይወድቃል። በታሸገው ቱቦ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ፓምፑም ያረጃል። የሚያብረቀርቀውን ሳጥን ብቻ አምጥቶ ምትክ ፓምፕ፣ ማራገቢያና ቅባት ያላመጣ አስመጪ ዕቃ ሸጠ እንጂ ደንበኛ አላፈራም። ገዢውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ዋስትናው በጽሑፍ ነውን? የዋስትናው ዘመን ስንት ዓመት ነው? ፈሳሹ አፈትልኮ ሌላውን ዕቃ ቢያበላሽ ማን ይከፍላል?

ከሁሉም በላይ ውሃ መብራት ሲጠፋ መዝገብ አያድንም። ለውሃ ማቀዝቀዣ የታሰበው ገንዘብ አስቀድሞ ለዩፒኤስ ይዋል፤ የሒሳቡም ቅጂ በየሳምንቱ በሌላ ሥፍራ ይቀመጥ። ይህን የፈጸመ ነጋዴ ትርፍ ገንዘብ ቢኖረው ስለ ውሃ ያን ጊዜ ያስብ።