ውስጡን ለቄስ፤ የቄሱንስ ለማን?

«ውስጡን ለቄስ» ይላሉ አበው። ሰው በአደባባይ የማይናገረውን የውስጥ ጭንቀቱን፣ የትዳሩን ችግርና የልጁን ነገር ይዞ ወደ ነፍስ አባቱ ወይም ወደ ፓስተሩ ይሄዳል። እርሱም ሰምቶ፣ መክሮና አጽናንቶ ይሸኘዋል። ነገር ግን የአጽናኙ የራሱ ውስጥ የታመመ እንደሆነ እርሱስ ወደ ማን ይሂድ?

ይህን ጥያቄ እንድናነሳ ያደረገችን ባለፈው ሰሞን ያነጋገረችን አንዲት እናት ናት። ባለቤቷ ፓስተር ሲሆን ሦስት ልጆች አፍርተዋል። እንደ ነገረችን ከሆነ እሑድ እሑድ ሰው እርሱን ሰምቶ ዕንባውን ጠርጎ ይመለሳል። እርሱ ግን እቤቱ ሲገባ ከነኮቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ምግብ ቀርቦለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይተወዋል። ሌሊት ብንን ስትል ቁጭ ብሎ ታገኘዋለች። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንዳትናገር «የራሱን ቤት ሳያጸና ሌላውን ይመክራል» ይሉታል ብላ ፈራች። ለእናቷ እንዳታዋይ መደንገጣቸውን አሰበች። በመጨረሻም ለማን ልንገር ስትል ጠየቀችን።

ይህች እህት ብቻዋን አይደለችም። ከመቶ ስድሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በለንደን ከተማ የነበረች አንዲት ወጣት እናትም እንዲሁ ተጨንቃ ነበር። ባለቤቷ ቻርልስ ስፐርጀን ገና በ22 ዓመቱ ስሙ የገነነ ሰባኪ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1856 ዓ.ም. ማታ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በታጨቀበት አንድ ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ ሲሰብክ፣ ከሕዝቡ መካከል «እሳት!» የሚል የሐሰት ጩኸት ተነሣ። በግፊያው 7 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ስፐርጀን ከዚያ ተደግፎ ወጣ፤ ለቀናትም ከኀዘኑ ሊጽናና አልቻለም። ሱዛና በዚያን ጊዜ ገና አንድ ወር ያልሞላቸውን መንታ ልጆች ታቅፋ ነበር።

ስፐርጀን ወደ ሥራው ቢመለስም የመንፈስ ጭንቀቱ እ.ኤ.አ. በ1892 ዓ.ም. በ57 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ እየተመላለሰ አስቸግሮታል። ሪህና የኩላሊት ሕመምም ተደርበውበት ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን አልሸሸገም። እ.ኤ.አ. በ1875 ዓ.ም. ለተማሪዎቹ በታተመው የትምህርት መጽሐፉ ውስጥ ለዚሁ ለአገልጋዮች የመንፈስ መውደቅ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። በዚያም የሰውነት ሕመም፣ ዕረፍት የሌለው ሥራ፣ ተቀምጦ መዋልና የኃላፊነት ብቸኝነት አገልጋዩን እንደሚጥሉት ዘርዝሯል። እርሱም ክረምት ክረምት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ እየሄደ ያርፍ ነበር። ሱዛና ራሷ የረጅም ጊዜ በሽተኛ ሆና ከቤት መውጣት ቢያዳግታትም፣ የዚህኑ መጽሐፍ 100 ቅጂ ገዝታ ለድኾች ፓስተሮች በመላክ መጻሕፍት የማደል ሥራ ጀመረች።

ለመሆኑ ይህ ሕመም ምንድን ነው? ማንም ሰው ያዝናል፤ ይከፋዋልም። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ግን ከተራ ኀዘን የተለየ ነው። ሰውየው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በየቀኑ፣ አብዛኛውን ሰዓት ይከፋዋል፤ ወይም ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ያስጠላዋል። እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ይዛባል። ሳይሠራ ይደክመዋል፤ ሐሳቡን መሰብሰብ ይሳነዋል። ያለ በቂ ምክንያት ራሱን ይወቅሳል፤ አልፎ ተርፎም ሞትን ይመኛል። በወንዶች ላይ ደግሞ አንዳንዴ በቁጣና በዝምታ ይገለጣል።

አገልጋዮችን ለዚህ የሚያጋልጣቸው የኑሯቸው ሁኔታ ነው። ማንኛውም ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን አለው። ፓስተሩ ግን በብርቱ የሚሠራው ሌላው በሚያርፍበት ቀን ነው። በሌሊት ለታመመ ይጠራል፤ ጠዋት ይቀብራል፤ ከሰዓት በኋላ ያጋባል። ገቢው ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው። የሰማውን ምስጢር ለማንም አያወራም። ከሁሉም በላይ ግን «እምነት ያለው ሰው አይጨነቅም» የሚለው አስተሳሰብ አፉን ይዘጋዋል። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነቡ ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰጠው እንጀራና ውሃ፣ እንዲሁም እንቅልፍ ነበር እንጂ ተግሣጽ አልነበረም።

ዝምታው የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2019 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ጃሪድ ዊልሰን የተባለ የ30 ዓመት ፓስተር ሕይወቱን አጠፋ። ይህ ሰው በጭንቀት ለተያዙ ሰዎች የሚረዳ ድርጅት ከባለቤቱ ጋር ያቋቋመና ስለ ራሱ ሕመምም በግልጽ የሚናገር ነበር። ሌላውን የሚረዳ ሰው ራሱ ረዳት እንደሚያሻው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ደረጃ ባለቤቲቱ ያየችውን ሳትወቅስ ትንገረው። «ሰነፍክ፤ ተለወጥክብን» ከማለት ይልቅ «ሌሊት እንደማትተኛ አያለሁ፤ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ማለት ይሻላል።

በሁለተኛ ደረጃ ጸሎትና መድኃኒት ባላንጣዎች አይደሉም። አጥንቱ የተሰበረ ሰው እየጸለየም ወጌሻ ይጠራል። ድባቴም በምክር ሕክምና፣ በመድኃኒት ወይም በሁለቱም ይታከማል። መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ ቶሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ሻል ሲልም ሐኪሙን ሳያማክሩ ማቋረጥ ጉዳት አለው። በአገራችን አዲስ አበባ ከሚገኘው ከአማኑኤል ሆስፒታል ሌላ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

በሦስተኛ ደረጃ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ እንደ ቀልድ አይታለፍ። ሞትን ያስብ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ነገሩን ወደ ልቡ አያስገባበትም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።

ምእመናንም ድርሻ አላቸው። አገልጋያቸው በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ዘግቶ ከልጆቹ ጋር እንዲውል ይፍቀዱለት። ቢታመም ሥራውን እንደማያጣ አስቀድመው ያረጋግጡለት። ሚስቱንም ያለ ደመወዝ የተቀጠረች አገልጋይ አድርገው አይቁጠሯት፤ እርሷም የምታዋየው ጓደኛ ያሻታል። በካሊፎርኒያ የሚገኝ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ በወቅቱ መሪው የነበሩት ሪክ ዋረን እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ልጃቸውን በዚሁ ሕመም ካጡ በኋላ፣ በዓመቱ ከካቶሊክ ሀገረ ስብከት ጋር ሆኖ ስለ አእምሮ ጤና ትልቅ ጉባኤ አካሂዷል። ኀዘናቸውን ከመሸሸግ ለሌላው ትምህርት አደረጉት።

ወደ ጀመርንበት እንመለስና፣ ለዚያች እናት የሰጠናት መልስ ይህንኑ ነበር። መጀመሪያ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ቀጥሎ ምስጢር ለሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ፤ ከዚያም ለሐኪም አልናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ብሂል እርሷ ራሷ አስታወሰችን። ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ ከባለቤቷ ጋር ወደ ሆስፒታል ለመሄድ ወስና ተሰናበተችን።